ስለ ይዒብ ጠይቃችሁኝ ነበር፤ መልሱ ይኸው

ሰላም ለሁላችሁ። በምሥራቅ ኢትዮጵያ ደረቅ ቁጥቋጦ ምድር ስለሚበቅለው ይዒብ ስለሚባለው ቁጥቋጦ ብዙ ጥያቄ መጥቷል። ሳይንሳዊ ስሙ ኮርዶክሲያ ኢዱሊስ ነው። በወገኑ (ተቀራራቢ ዝርያዎች በሚመደቡበት ቡድን) ውስጥ ሌላ ዝርያ የለም፤ እሱ ከጠፋ ወገኑም አብሮ ይጠፋል።

የት የት ይገኛል? ጅጅጋ አካባቢስ አለ?

ጅጅጋ የለም፤ ከፍታው ለሱ በጣም ይበዛበታል። የኛው ይዒብ ያለው በሶማሌ ክልል ምሥራቃዊ ጫፍ፣ በወርዴር፣ በገላዲና በቦኽ በኩል ነው። ከዚያ ድንበሩን ተሻግሮ ወደ መካከለኛው ሶማሊያ፣ ወደ ሙዱግና ጋልጉዱድ ይዘልቃል። በተፈጥሮው የሚበቅለው በነዚህ ሁለት አገሮች ብቻ ነው።

ኦጋዴን ሰፊ ነው። ለምን በሁሉም ቦታ አናየውም?

አፈር ስለሚመርጥ ነው። ደህና ጥልቀት ያለው ቀይ አሸዋማ መሬት ይፈልጋል። ከባሕር ወለል በላይ ከ100 እስከ 1000 ሜትር ባለው ቆላ፣ ከግራርና ከከርቤ ዛፎች መሀል ታገኙታላችሁ። በዓመት ከ150 እስከ 400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይበቃዋል። ውኃ የሚተኛበት መሬትና ውርጭ ግን አይስማሙትም።

ፍሬው ይበላል?

በደንብ! ጥሬውን፣ ቆልቶም ቀቅሎም ይበላል። ጣፋጭ ነው፣ ለውዝ ለውዝ ይላል። የተቀቀለበት ውኃ ራሱ ስለሚጣፍጥ ይጠጣል። በድርቅ ጊዜ ስንት ቤተሰብ እንዳቆየ የአካባቢውን ሽማግሌዎች ጠይቁ።

ይዒብ የምትበላ ፍየል አጥንቷ ይቀላል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው። ቅጠሉን በጣታችሁ ስታሹት እጃችሁ ወዲያው ይቀላል። ከቅጠሉ ሥር ጥቃቅን ቀይ ነጠብጣቦች አሉ፤ ቀለሙ የሚወጣው ከነሱ ነው። ቅጠሉን አዘውትራ የምትበላ ፍየል ጥርሷና አጥንቷ ወደ ብርቱካናማ ያደላል።

ድርቁን እንዲህ ከቻለ ታዲያ ምን እያጠፋው ነው?

አሮጌው ተክል ጠንካራ ነው። ሥሩ ወደ ታች ጠልቆ ይሄዳል፣ ቅጠሉም በበጋ አይረግፍም። ችግሩ ያ አሮጌ ተክል ተተኪ ማጣቱ ነው። ፍሬው ሲደርስ ሰው አንዲት ሳያስቀር ይለቅማል። የራበውን ሰው አልወቅስም፤ ግን መሬት ላይ የሚቀር ዘር ከሌለ ችግኝ ከየት ይመጣል? ከለቀማ ያመለጠው ዘር ቢበቅል እንኳ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ሥር በመስደድ ነው የሚያሳልፈው። ከላይ የሚታየው ቁመት ትንሽ ስለሆነ የፍየል አፍ በቀላሉ ይደርስበታል። ሌላው ሁሉ በደረቀበት ወቅት አረንጓዴ ሆኖ የሚቆየው እሱ ነውና፣ ግመሉም ፍየሉም የሚሄደው ወደሱ ነው። የማገዶና የአጥር ቆረጣው ደግሞ በዚህ ላይ ተጨማሪ ነው።

ከገበያ የገዛሁትን ፍሬ ድሬዳዋ ግቢዬ ብተክለውስ?

ፍሬውን ነቀዝ እንዳይበላው ብዙ ጊዜ ቆልተው ወይም ቀቅለው ነው የሚያስቀምጡት። ያ ከሆነ ዘሩ ሞቷል። ጥሬም ቢሆን ወራት ከቆየ የመብቀል አቅሙ ይወርዳል። መሞከር ከፈለጋችሁ ገና የተለቀመ ዘር ፈልጉ። በጠባብ ማሰሮ ግን አትጀምሩት፤ ዋናው ሥር መውረጃ ካጣ ተክሉ ይጎዳል።

ታዲያ መንግሥት ችግኝ አፍልቶ ቢያከፋፍልስ?

ይጠቅማል፤ እኔ ግን መጀመሪያ ያለው ይጠበቅ ባይ ነኝ። ይዒብ አሁንም ያለበትን መሬት ከጎሳ ሽማግሌዎች ጋር ተስማምቶ ለጥቂት ዓመታት ከግጦሽ መከለል። ከእያንዳንዱ ቁጥቋጦ ሥር ጥቂት ፍሬ ሳይለቀም እንዲቀር መስማማት። ውሉ ከአርብቶ አደሩ ጋር ካልሆነ አጥሩ አንድ በጋም አይቆይም፤ ከብቱ ሲራብ የሚወስነው እሱ ነው።

ሌላ አገር ተተክሎ ያውቃል?

አዎ፣ በኬንያና በእስራኤል ተሞክሯል።