በዊልቸር ላይ የእጅ ዘንግ ስለመግጠምና ስለመንከባከብ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ። ነዋሪነቴ ደሴ ነው። በአከርካሪ አጥንት ጉዳት ምክንያት ከወገቤ በታች ስለማልንቀሳቀስ በእጅ በሚገፋ ዊልቸር እጠቀማለሁ። ከፒያሳ ወደ ሰፈሬ የሚወስደው መንገድ ዳገት፣ ያውም ኮብልስቶን በመሆኑ ትከሻዎቼ ሌሊት ሌሊት እየጠዘጠዙ እንቅልፍ ይነሱኛል። በቅርቡ የጎማውን ቀለበት በመግፋት ፈንታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በሚወዘወዝ ዘንግ የሚነዳ ዊልቸር በስልክ አየሁ። በያጅ የሆነ አብሮ አደጌም የሳይክል ዕቃ ካገኘ ሊሠራልኝ እንደሚችል ነግሮኛል። በእርግጥ ይቻላል? ስንሠራውስ ምን መጠንቀቅ አለብን? (ጠያቂ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ ይቻላል። ነገር ግን ደሴ ላይ ለሚኖር ሰው ከመውጣቱ ይልቅ መውረዱ መቅደም ስላለበት፣ ከጥቅሙ ተነሥቼ በቶሎ ወደ ፍሬኑ እሄዳለሁ።

ጥቅሙን በቁጥር እንየው። እርስዎና ዊልቸሩ በአንድነት 85 ኪሎ ብትመዝኑ፣ በ12 ሜትር ርቀት 1 ሜትር ከፍ የሚል ዳገት ላይ ወደ ኋላ የሚስባችሁ ኃይል 7 ኪሎ ያህል ነው። የተለመደው ባለ 24 ኢንች ጎማ ከመሐሉ እስከ ዳሩ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ እጅ የሚገፋው ቀለበት ግን ከዚያ ትንሽ ያነሰ ስለሆነ እጅዎ ያወጣው ኃይል መሬት ሲደርስ እንዲያውም ይቀንሳል። ዘንጉ በሚዞርበት ፒን ላይና በጎማው መሐል ላይ እኩል ቁጥር ያላቸው ባለ ጥርስ ቀለበቶች ተገጥመው በካቴና ቢያያዙና ዘንጉን ከፒኑ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብለው ቢይዙት፣ የእጅዎ ኃይል መሬት የሚደርሰው ሁለት እጥፍ ሆኖ ነው። በሌላ አነጋገር 7 ኪሎውን በ3 ኪሎ ተኩል ይገፉታል ማለት ነው። ዋጋው የሚከፈለው በርቀት ሲሆን፣ እጅዎ 40 ሳንቲ ሜትር ሲሄድ ዊልቸሩ 20 ብቻ ይሄዳል። ሜዳ ላይ ሲደርሱ እጅዎን ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ቢያደርጉ ኃይሉ ይቀንስና ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ማርሽ መቀየር ማለት እዚህ ላይ እጅን ከፍና ዝቅ ማድረግ ብቻ ነው። በአሜሪካው ማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በተለምዶ ኤም.አይ.ቲ. በሚባለው፣ ተሠርቶ በምሥራቅ አፍሪካ፣ በጓቲማላና በህንድ የተሞከረው ባለ ዘንግ ዊልቸር የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። ተራ የሳይክል ዕቃ እንዲውልበት የተደረገውም ሲበላሽ በየትኛውም የገጠር ከተማ እንዲጠገን ታስቦ ነው።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ። ቀለበት እየገፉ ሲሄዱ ፍሬንዎ መዳፍዎ ነው፤ ቀለበቱን ጨበጥ አድርገው ፍጥነቱን ይገታሉ። ዘንግ ሲገጠም ግን በመካከል ፍሪዊል ይገባል። ፍሪዊል ወደ አንድ ወገን ሲዞር የሚይዝ፣ ወደ ሌላው ሲዞር ቀጭ ቀጭ እያለ የሚለቅ የሳይክል ዕቃ ነው። ስለዚህ ቁልቁለት ላይ ዘንጉን ጨብጠው ቢቀመጡም ጎማው ከዘንጉ ጋር ምንም ግንኙነት ሳይኖረው ወደ ፊት ይሮጣል። መፍትሔው ከዘንጉ ግርጌ ወደ ኋላ በሚዞር አጭር ክንድ ላይ የፍሬን ላስቲክ ማሰር ነው፤ ዘንጉን እስከ መጨረሻው ወደ ራስዎ ሲስቡት ላስቲኩ ጎማውን ይጫናል። ይህ በሁለቱም በኩል እኩል መያዝ አለበት፤ አንዱ ቀድሞ ከያዘ ዊልቸሩ ወደዚያ ወገን ይጠመዘዛል። ቆሞ ለመቆየት የሚያገለግለው የድሮው ፍሬንም በቦታው ይቆይ። የመግፊያ ቀለበቱንም በምንም ምክንያት አታውልቁት። ፍሬን የማይገጠምለት ከሆነ ዘንጉም ባይገጠም እመርጣለሁ፤ ይህንን አብሮ አደግዎ ቶሎ ለመጨረስ ቢቸኩሉ እንኳ ቆም ብለው እንዲሰሙልኝ እለምናለሁ። በላስቲክ ፍሬን ረጅም ቁልቁለት መውረድም አይገባም። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 600 ሜትር ያህል ከፍታ የሚጥል ስለሆነ ለባጃጅና ለታክሲ የሚተው ነው።

ሁለተኛው ነገር ወደ ኋላ መሄድ ነው። ዊልቸሩ ወደ ኋላ ሲንከባለል ፍሪዊሉ ይይዝና ካቴናውን፣ ካቴናውም ዘንጉን ወደ ኋላ ይስበዋል፤ ዘንጉ ሆድ ወይም ደረት ሊመታ ይችላል፣ ከዚያም ገደቡ ላይ ደርሶ ዊልቸሩን ያቆመዋል። በዳገት ላይ ይህ ለእርስዎ የሚጠቅም ነገር ነው። ጠባብ ክፍል ውስጥ ግን መዞሪያ ያሳጣዎታል። ስለዚህ ዘንጉ ከሚሰካበት አጭር ቱቦ በአንድ እጅ ተነቅሎ የሚወጣ ይሁን። ዘንጉ ሲነቀል ባለ ጥርሱ ብቻውን መዞር ስለሚችል ጎማው እንደ ልብ ወደ ኋላ ይሄዳል፤ ከዊልቸር ወደ አልጋ ሲሻገሩም ጎንዎ ክፍት ይሆናል። የመሰኪያው ቱቦ ሙሉ ዙር ሲዞር ከወንበሩ ብረት ጋር እንዳይጋጭ አስቀድማችሁ አዙራችሁ እዩት።

ለአብሮ አደግዎ የምለው በተለይ ስለ ፍሪዊሉ ነው። ከሳይክል ዕቃ መሸጫ የሚገዛው ፍሪዊል የተሠራው ለሳይክል ቀኝ ጎን ሲሆን፣ ፊቱን ወደ እርስዎ አዙረው ሲያዩት የሚይዘው የሰዓት እጅ በሚዞርበት አቅጣጫ ሲዞር ብቻ ነው። ሁለት አንድ ዓይነት ፍሪዊል ተገዝተው በግራና በቀኝ ጎማ ላይ በተመሳሳይ መንገድ ከተገጠሙ፣ አንደኛው ሲገፋ ባዶውን ይዞራል፣ ሲሳብ ደግሞ ይይዛል። መውጫው፣ በቶርኖ ቤት ጥርስ የወጣለት ቡሽ አሠርቶ አንዱን ፍሪዊል ገልብጦ መግጠም ነው፤ ለግራ ጎን ተብሎ የተሠራ ፍሪዊል ከተገኘም ችግሩ ከሥሩ ይወገዳል። ምንም ነገር ከመበየዱ በፊት ፍሪዊሉን ጎማው ላይ በእጅ ይዞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማዞር ብዙ ድካም ያድናል። ፍሪዊሉ ራሱ ግን ፈጽሞ አይበየድ። በውስጡ እንደ ጥፍር ቀጫጭን የሆኑ ምላሶችና ሞላዎች አሉ፤ የብየዳው ሙቀት ሞላዎቹን ስለሚያልፈሰፍሳቸው ለጊዜው የሠራ መስሎ ዳገት መሐል ላይ ይከዳል።

የፒኑን ቦታ በመለኪያ ብቻ አትወስኑ። እርስዎ በሚቀመጡበት ትራስ ላይ ተቀምጠው፣ በዘንጉ ፈንታ የመጥረጊያ እንጨት በከመነዳሪ ቁራጭ ከወንበሩ ብረት ጋር ይታሰርና ይወዝውዙት። እጅዎ መጨረሻ ፊት ሲደርስ ክርንዎ ሊዘረጋ ጥቂት የቀረው መሆን አለበት፤ ጀርባዎ ከመደገፊያው ተነሥቶ ወደ ፊት የሚጎተት ከሆነ ፒኑ ርቋል። ወደ ኋላ ሲመልሱት ደግሞ ክርንዎ ከጀርባዎ አልፎ መሄድ፣ እጅዎም ከትከሻዎ በላይ መውጣት የለበትም። የትከሻ ሕመም እያለብዎ ይህን ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ደሴ በሚገኘው የአካል ተሃድሶ ማዕከል ፊዚዮቴራፒስት ቢያይዎት፣ ከጅማቱ መጎዳት ነው ወይስ ከአቀማመጥ የሚለው ተለይቶ ይታወቃል። በዘንግ የሚፈታውም ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ያን ጊዜ ይታያል።

ወንበሩን በተመለከተ፣ ከሥሩ በመስቀል ቅርጽ የሚታጠፈው ዓይነት ዘንግ ሲገፋ ስለሚጣመም ካቴናው ይወልቃል፤ የማይታጠፍ ብረት ይመረጣል። ብረቱ አሉሚኒየም ከሆነ በተራ ብየዳ አይያዝም፤ በብሎን የሚጠብቅ ማቀፊያ ይሠራለት። የሚያብለጨልጭ ክሮም የተቀባ ከሆነ ጭሱ ለሳንባ መርዝ ስለሆነ የሚበየደው ቦታ ቅቡ ተነሥቶለት፣ ሥራውም ደጅ ላይ ይሁን። ለባለ ጥርሱ ቦታ ለማግኘት ጎማዎቹ በየጎናቸው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ መውጣታቸው አይቀርምና የቤትዎን በር አስቀድመው ይለኩ። ጎማው ወደ ውጭ በወጣ መጠን ጎማውን የሚሸከመው ፐርኖ የበለጠ ይጨነቃል፤ በዚህ ቦታ የሳይክል ፐርኖ መጠቀም አደገኛ ነው፤ ምክንያቱም የሳይክል ፐርኖ በሁለት ጫፉ ተደግፎ እንዲሠራ የታሰበ ቀጭን ብረት ስለሆነ በአንድ ወገን ብቻ ሲያዝ ይጎብጣል።

ኃይሉ ሲጨምር ዊልቸሩ በዳገት ላይ ፊቱን አንሥቶ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል። ከኋላ በኩል ሁለት አጫጭር የመገልበጥ መከላከያዎች ይጨመሩ፤ የመጀመሪያው ሙከራም ሰው ከኋላ ቆሞ ይሁን። በመጨረሻም፣ ዘንግ መወዝወዝ መቀመጫን በትራሱ ላይ ስለሚያሸው፣ ስሜት በሌለው ቆዳ ላይ ሳይታወቅ ቁስል ሊጀምር ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠዋትና ማታ በመስተዋት ወይም በቤተሰብ እርዳታ ቆዳዎን ይዩ፤ ሲጫኑት የማይጠፋ መቅላት ወይም መጥቆር ካገኙ ቦታው እስኪያገግም ድረስ እዚያ ላይ አይቀመጡበት።

ጥያቄ፦ ልጄ ተማሪ ነው። ዊልቸሩ ላይ የእጅ ዘንግ ከተገጠመለት ቆይቷል፤ ደህና ሲያገለግለው ከርሞ አሁን ሲገፋው አንዳንዴ ባዶውን ይሄድበታል። የሰፈራችን ሳይክል ጠጋኝ ወፍራም ግሪስ ሞላበት፤ ከዚያ ወዲህ ጭራሽ ባሰበት። ምን ይሻለናል? (እናት፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ እናቴ፣ ያባሰው ግሪሱ ሳይሆን አይቀርም። ቀደም ሲል የጠቀስኳቸው የፍሪዊሉ ምላሶች በሞላ እየተገፉ ከጥርሱ ጋር የሚነክሱ ናቸው፤ ወፍራም ግሪስ ከአቧራ ጋር ሲቦካ ምላሶቹን በተኙበት ይይዛቸዋል። ለማረጋገጥ ጎማውን ከመሬት አንሥታችሁ ዘንጉን ወደ ኋላ እየመለሳችሁ አድምጡ። ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ ከጠፋ ወይም ከደነዘዘ ችግሩ እሱ ነው። ድምፁ ጥርት ብሎ እየተሰማ ሲገፋ ግን በኃይል የሚዘል ከሆነ ካቴናው ላልቷል ወይም አርጅቷል።

ለመጀመሪያው፣ ጎማው ወልቆ በጎኑ ይተኛ፤ በፍሪዊሉ ስንጥቅ ነጭ ጋዝ ጠብ እያደረጉ፣ ጥቁሩ ፈሳሽ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ማዞር ነው። ጋዙ ከጎማው ላስቲክና ከፍሬኑ ጋር እንዳይነካካ ከሥሩ ጨርቅ ይደረግ። ከደረቀ በኋላ ጥቂት ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይበቃዋል። ግሪስ የሚገባው የጎማው ኩሽኔታ ውስጥና ዘንጉ በሚዞርበት ፒን ላይ ብቻ ነው።

ካቴናው ከመሐሉ በጣት ሲጫኑት 1 ሳንቲ ሜትር ያህል መርገብ አለበት። ማርጀቱ የሚታወቀው በማስመሪያ ነው፤ ከአንድ ፒን ጀምሮ 24 መገጣጠሚያ ሲቆጠር አዲሱ 305 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፣ ከ307 ካለፈ ይቀየር። ከቆየ ጥርሱንም ይበላዋልና ወጪው እጥፍ ይሆናል። እንደ ኮምቦልቻ አቧራማ በሆነ ቦታ ካቴናውን በየሳምንቱ በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ ቀጭን ዘይት መቀባት፣ ትርፉንም መጥረግ ያስፈልጋል። ከጋራዥ የሚገኘው የተቃጠለ ዘይት አቧራ ይሰበስባልና ይቅር። በክረምት ጭቃ ከነካው በዚያው ዕለት ይታጠብ።

ከዚህ ሁሉ በላይ ግን የጎማውን ንፋስ እንዲያዩለት አደራ እላለሁ። የልጅዎ ፍሬን ጎማውን በመጫን የሚሠራ ከሆነ፣ ንፋሱ በቀነሰ ቁጥር ላስቲኩ ከጎማው ስለሚርቅ ፍሬኑ ይጠፋል፤ ልጁ ይህን የሚያውቀው ቁልቁለት ላይ ሲደርስ ነው። ንፋሱን በየጥቂት ቀኑ ይሙሉለት፤ በዝናብም ፍሬኑ ዘግይቶ እንደሚይዝ ይንገሩት። ብሎኖቹ በመወዝወዝ ብዛት ስለሚላሉ በወር አንድ ጊዜ በመፍቻ ይዳሰሱ፤ የዘንጉ ፒን ዳዶ በተለይ ላስቲክ ያለበት፣ የማይላላው ዓይነት ቢሆን ጥሩ ነው።

ጥያቄ፦ እኔ መምህር ነኝ። አንድ ተማሪያችንን ለመርዳት ገንዘብ አሰባስበናል። ባለ ሦስት ጎማውን፣ በእጅ ፔዳል የሚዞረውን ሳይክል እንግዛለት ወይስ ዊልቸሩ ላይ ዘንግ እናሠራለት? (ጠያቂ፣ ከሐይቅ)

መልስ፦ መልሱ ያለው በልጁ መንገድ ላይ ነው። ቤቱ ከትምህርት ቤቱ የራቀ፣ መንገዱም ረጅም ሜዳ ከሆነና ክፍል ውስጥ የሚቀመጥበት ሌላ ዊልቸር ካለው፣ ባለ ሦስት ጎማው ያዋጣዋል፤ እጅ ያለማቋረጥ ስለሚዞር ብዙም አያደክምም፣ ጎማዎቹም ትልልቅ ስለሆኑ ኮረት አይፈሩም። ጉዳቱ ረጅምና ሰፊ በመሆኑ ክፍልና መጸዳጃ ቤት አለመግባቱ ነው። አንድ መንቀሳቀሻ ብቻ የሚኖረው ከሆነ ግን ዘንጉ የሚነቀል ዊልቸር ይሻለዋል፤ ዘንጉን ነቅሎ ጎኑ ላይ አስሮ እስከ ጠረጴዛው ይገባል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ያወጣው የዊልቸር መመሪያ የአገልግሎቱ የመጨረሻ ደረጃ ጥገናና ክትትል እንደሆነ ስለሚያስቀምጥ፣ ካሰባሰባችሁት ገንዘብ ላይ ለትርፍ ካቴና፣ ለከመነዳሪና ለፍሬን ላስቲክ የሚሆን ቀንሳችሁ አስቀምጡለት። ከመግዛታችሁ በፊት የክፍሉን በርና የመጸዳጃ ቤቱን በር ስፋት ለኩ፤ ልጁም ራሱ ተቀምጦበት ሞክሮት ይምረጥ።