«ለፋሲካ በግ እናርድ የለ? የድመት ጥፍር ማስነቀል ምን ክፋት አለው?»

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? የምንኖረው አራት ኪሎ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ድመት አለችን። አዲሱን ሶፋ በጥፍሯ ቧጭራ ጨረሰችው። ባለቤቴ «በጆንያ ከትቼ መርካቶ እጥላታለሁ» ይላል። አሜሪካ ያለችው እህቴ ደግሞ ጎረቤቷ የድመቷን ጥፍር በሐኪም እንዳስነቀለች ነገረችኝ። እኔም የሚሠራልኝ ሐኪም ባገኝ ብዬ አስቤአለሁ። ሰው እንስሳትን እንዲገዛ ተፈቅዶለታል። ለፋሲካስ በግ እናርድ የለ? ይህ ኃጢአት ይሆንብኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከመጣል ይሻላል ብለሽ እንዳሰብሽው ገብቶኛል። ግን አታድርጊው። ለሶፋ ተብሎ የሚደረግ ከሆነ በደል ነው።

«ማስነቀል» የሚለው ቃል ራሱ ያሳስታል። የድመት ጥፍር የሚበቅለው ከጣቷ የመጨረሻ አጥንት ላይ ነው። ተመልሶ እንዳይበቅል ሐኪሙ አጥንቱን ከመገጣጠሚያው ላይ ይቆርጠዋል። የፊት እግሮቿ 10 ጣት አላቸው። 10 ጊዜ መቁረጥ ማለት ነው። የራስሽን ጣት እዪው፤ ከላይኛው አንጓ ላይ እንደመቁረጥ ነው። እንግሊዝን ጨምሮ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ክልክል ነው። እዚያው አሜሪካም የኒውዮርክ ግዛት፣ ለሕክምና ካልሆነ በቀር፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ከልክሎታል።

ዛሬ ማታ ጭንሽ ላይ ስትተኛ የፊት እግሯን ያዢ። ጣቷን ከላይና ከታች ቀስ አድርገሽ ጫን በዪው። ጥፍሯ ከተደበቀበት ብቅ ይላል። ስትለቂው ተመልሶ ይገባል። እንዲህ በሰገባ የተቀመጠ ነገር ማን እንደሠራው አንቺም ታውቂያለሽ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «ግዙ ተብለናል» የሚለውን ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ! አህያውን ከአቅሟ በላይ ጭኖ የሚደበድብ ሰው ይጠቅሰዋል። ሚስቱን የሚያስለቅስ ባልም «ራስ ነኝ» ብሎ በተመሳሳይ መንገድ ይሄዳል። ቃሉን አንስተው ቀጣዩን መስመር ይተዉታል።

አንቺ ግን ቀጣዩን መስመር አንብቢው። ዘፍጥረት 1፥28 ላይ «ግዙአቸው» ይላል። ወረድ ብሎ 29 እና 30 ላይ ለሰውም ለአራዊትም የተሰጠው መብል ቡቃያና ፍሬ ብቻ ነው። ልብ በዪ፤ አዳም ግዛ ሲባል በግ ማረድ ገና አልተፈቀደም። ሥጋ የተፈቀደው ከጥፋት ውኃ በኋላ ለኖኅ ነው፤ ምዕራፍ 9 ላይ። ያውም ከነደሙ አትብሉ የሚል ወሰን ተበጅቶለት ነው። ስለዚህ «ግዙ» ማለት «ቢላ አንሡ» ማለት ሊሆን አይችልም። ምን ማለት እንደሆነ ምዕራፍ 2፥15 ይነግርሻል። አዳም ገነት ውስጥ የተቀመጠው ሊያበጃትና ሊጠብቃት ነው። ገዢነቱ የጠባቂ ገዢነት ነው። ሰንበት ሲሰጠንም በሬውና አህያው እንዲያርፉ ተብሎ ተጽፏል፤ ዘጸአት 23፥12።

የፋሲካው በግ ለማዕድ ነው። ቢላው ተስሎ፣ በስመ አብ ተብሎ፣ ባንዴ ያልቃል። ግን የበጉን እግር ቆርጦ፣ በጉን ከነሕይወቱ ግቢው ውስጥ የሚያኖር ጎረቤት ቢኖርሽ ምን ትይው ነበር? ሁለቱን አንድ አታድርጊያቸው።

የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስን ሥዕል ታውቂዋለሽ። ገድላቸው 60 አንበሶችና 60 ነብሮች አብረዋቸው እንደነበሩ ይናገራል። የድመትሽ ትልልቅ ዘመዶች ናቸው። ወር በገባ በ5 ስትሳለሚ ሥዕሉ ፊት ትንሽ ቆዪ። አንበሳውም ነብሩም ከነጥፍራቸው ነው እግራቸው ሥር የቆሙት። ጻድቁ አውሬውን በጸሎታቸው አለዘቡት እንጂ ጥፍሩን አልነቀሉበትም። እኔ ይህን ሥዕል ባየሁ ቁጥር የሰው የመጀመሪያ ሹመቱ ትዝ ይለኛል።

እኔ ራሴ የአብነት ተማሪ ሳለሁ የኔታ አንዲት ግራጫ ድመት ነበረቻቸው። መጻሕፍቱ በማኅደር ተንጠልጥለው የሚያድሩበት ጎጆ ውስጥ ነበር የምትተኛው። አይጥ ብራና ይወዳል፤ የእኛን ድርቆሽም አይምርም። አንድ ቀን የየኔታን አጎዛ ቧጥጣ ጠጉሩን በተነችው። አንድ ተማሪ ዱላ አነሣ። የኔታ «ተው! ስንቱን ገጽ ያተረፈች እጅ ናት» አሉት። «እጅ» ነው ያሏት። ምሳሌ 12፥10 ላይ «ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ ይራራል» የሚለውን ቃል በትርጓሜ ከመማሬ በፊት እዚያ ጎጆ ውስጥ አየሁት።

ድመትሽ ሶፋውን የምትቧጭረው ለክፋት አይደለም። ያረጀውን የጥፍሯን ሽፋን ታወልቃለች፤ ጀርባዋን ትዘረጋለች፤ ከመዳፏ የሚወጣውን ጠረንም ትተዋለች። ስለዚህ ሌላ ቦታ ስጫት። ቁመቷን ሙሉ የምትዘረጋበት፣ የማይነቃነቅ እንጨት ላይ የቃጫ ገመድ ጥብቅ አድርገሽ ጠምጥሚ። ሶፋው አጠገብ አቁሚላት። ለጊዜው የሶፋውን ጠርዝ ወፍራም ጨርቅ አልብሺው። ጥፍሯንም በ2 ወይም በ3 ሳምንት አንዴ ጫፍ ጫፉን ቁረጪላት። ሮዝ ሆኖ የሚታየውን እንዳትነኪ፤ ደም ሥር አለበት። ከተኛች በኋላ ቢሆን ይቀላል። አንድ ቀን ሁለት ጣት፣ በማግስቱ ሁለት ጣት፤ አትቸኩዪ።

ለባለቤትሽም የምለው አለኝ። ወንድሜ፣ በሶፋህ መናደድህ አይገርመኝም፤ ላብህ ነው። ግን ጆንያውን መልሰው። ቤት የለመደች ድመት መርካቶ ውሻ መሀል ብትጣል የት ትገባለች? በገዛ እጅህ አብልተሃታል፤ አምናሃለች። መርካቶ ስትሄድ የቃጫ ገመዱን ገዝተህ ግባ። እንጨቱን አንተ አቁመው፣ ገመዱን እሷ ትጠምጥም።