ታኖስ ግማሹን ፍጥረት ያጠፋው ለምንድን ነው?

ታኖስ በማርቭል ኮሚኮች (በሥዕል የሚተረኩ መጻሕፍት) እና ፊልሞች ውስጥ ያለ ክፉ ገጸ ባሕርይ ነው። ግማሹን ፍጥረት ለምን እንዳጠፋ ከጓደኛህ ጋር ተከራክራችሁ ማን ልክ እንደሆነ ጠይቀኸኛል፤ ሁለታችሁም ትክክል ናችሁ። ጓደኛህ «ለፍቅር ነው» ያለህ የኮሚኩን ታኖስ ይዞ ነው። አንተ «ሀብት ስላነሰ» ያልከው ደግሞ የፊልሙን።

በ1991 በወጣው «ዘ ኢንፊኒቲ ጋንትሌት» ታኖስ የሚያፈቅረው ሞትን ራሷን ነው። እዚያ ሞት በሴት አካል የምትታይ ገጸ ባሕርይ ናት። ጣቱን አጩኾ ግማሹን ፍጥረት የሚያጠፋው ልቧን ለማግኘት ነው። ያን ሁሉ አድርጎላትም ፊቷን አትሰጠውም። እኔ ኮሚኩን የምወደው በዚህ ነው፤ ያ ሁሉ ኃይል አንዲት ቃል እንኳ አላስገኘለትም።

የ2018ቱ ፊልም «አቬንጀርስ፦ ኢንፊኒቲ ዋር» ሞትን አውጥቶ ታይታንን አስገባ። ሕዝብ በዝቶባት የጠፋች የትውልድ ዓለሙን ማለት ነው። ፍቅሩ ግን ጨርሶ አልጠፋም፤ ወደ ልጁ ወደ ጋሞራ ዞረ። ለእኔ ጥሩ ለውጥ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ተቆርጦ ከተለጠፈ አንድ ገጽ ተነስተህ አትከራከር። «ሚዛን» የሚለውን፣ ማለትም ሕይወት ሲበዛ ግማሹ መጥፋት አለበት የሚለውን ሐሳብ ፊልሙ የፈጠረው የሚመስላቸው ብዙ ሰዎች ገጥመውኛል። ኮሚኩም ላይ አለ፤ ሐሳቡ ግን የሞት ነው። በሕይወት ያለው እስከዛሬ ከሞተው በለጠ ብላ ነው ታኖስን የምታሰማራው። ስለዚህ መጀመሪያ የ1990ውን «ዘ ታኖስ ኩዌስት» አንብብ። ሁለት ቅጽ ብቻ ነው።