ከአይጥ ወደ ሰው፦ ለወጣት የመድኃኒት ተመራማሪዎች

በአይጥ ላይ የሠራ ውህድ ይዛችሁ የመንግሥት ድጋፍ ለመጠየቅ ለምትዘጋጁ ሁሉ፤

ብዙዎቻችሁ ማመልከቻው ስለ ግኝታችሁ ታላቅነት የምትናገሩበት ቦታ ይመስላችኋል፤ በእናንተ ዕድሜ ሳለሁ ለእኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ለዓመታት እንዲህ ያሉ ማመልከቻዎችን ስገመግም የተረዳሁት ግን፣ ገንዘቡ በአብዛኛው የሚውለው ማንም በማያጨበጭብላቸው ሥራዎች ላይ መሆኑን ነው፤ እነርሱም ለሰው በሚመጥን ደረጃ የተመረተ መድኃኒት፣ አንዱ ከአይጥ ወገን ሌላው ከዚያ ውጪ በሆኑ ሁለት የእንስሳት ዓይነቶች ላይ የሚካሄድ የመርዛማነት ጥናት፣ መድኃኒቱ ሳይበላሽ የሚቆይበትን ጊዜ የሚያሳይ መረጃና ለተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የሚቀርበው ወፍራም ሰነድ ናቸው። የግል ባለሀብት ወደ ሰው ሙከራ ከሚገቡት ዕጩ መድኃኒቶች ፈቃድ የሚያገኘው ከአሥሩ አንዱ ገደማ መሆኑን ስለሚያውቅ በዚህ ደረጃ ላይ ገንዘቡን አያወጣም። የመሠረታዊ ሳይንስ ድጋፍ ሰጪዎችም አዲስ ዕውቀት የለበትም ብለው ያልፉታል። ስለዚህ ሸክሙ የሚወድቀው በሕዝብ ገንዘብ ላይ ነው።

በካናዳ ዊኒፔግ በሚገኘው የመንግሥት ላቦራቶሪ የተሠራው የኢቦላ ክትባት ጦጣዎችን ከሞት እንደሚጠብቅ የሚያሳየው ውጤት የታተመው በ2005 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በሰው ላይ መሞከር የጀመረው ግን በሽታው ምዕራብ አፍሪካን ባጠቃበት በ2014 ነበር። የዘጠኝ ዓመቱ መዘግየት በእኔ እምነት የሚያሳፍር ነው። ሆኖም የካናዳ መንግሥት በከፈለው ገንዘብ ለሰው ሙከራ በሚመጥን ጥራት ቀድመው የተመረቱ ጠርሙሶች በማቀዝቀዣ ውስጥ ባይኖሩ ኖሮ፣ ሙከራው በዚያ ዓመት ሊጀመር ባልቻለም ነበር።

የራሴን ስህተት ልንገራችሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በገዛ እጁ ባዘጋጃት ጥቂት ግራም ዱቄት የመርዛማነት ጥናቱን ጨረስንና፣ ለሰው የሚሆነውን ብዙ መጠን እንዲያመርትልን ለአንድ አምራች ሰጠን። አዲሱ ምርት ሲመረመር በውስጡ ያሉትን ንጥረ ነገሮች ለያይቶ በሚያሳየው የክሮማቶግራፊ ምርመራ ውጤት ላይ በእኛ ዱቄት ውስጥ ያልነበረች አንዲት ትንሽ ጉብታ ታየች፤ እንስሳቱ ያልቀመሱት ባዕድ ነገር ገብቶበታል ማለት ነው። ጥናቱን በአዲሱ ምርት መድገም ግድ ሆነ፤ በበጀታችን ውስጥ ግን ለዚህ የተያዘ አንድም ሳንቲም አልነበረም፤ የአራት ዓመት ልፋታችን የውሃ ሽታ ሆኖ ቀረ። እናንተ የመርዛማነቱን ጥናት ለሰው የሚሰጠው መድኃኒት በሚመረትበት በዚያው መንገድ በተመረተ ዱቄት አድርጉት፤ ይህ መጀመሪያ ላይ ውድ ይመስላል፤ ለመድገሚያ የሚሆን ገንዘብም ሳታፍሩ ጠይቁ፤ ሥራውን የሚያውቅ ገምጋሚ አይቆጣችሁም።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ወስዳችሁ እንድትጽፉት የምመክራችሁ ሥራው የሚቆምበትን ሁኔታ ነው። እኔ በማውቀው ቅጽ ላይ ለዚህ አንድ ሣጥን ነበረ፤ ብዙ አመልካቾች፣ አንዳንዶቹም ስመ ጥር ፕሮፌሰሮች፣ «አይመለከተንም» ብለው ያልፉት ነበር። አንዲት ወጣት ግን በእንስሳት ላይ ጉዳት የሚያስከትለው መጠን ለሕክምና ከሚያስፈልገው ከአሥር እጥፍ በታች ሆኖ ከተገኘ ሥራውን እንደምታቆም ጻፈች። በስምንተኛው ወር ልዩነቱ አራት እጥፍ ሆኖ ተገኘ፤ እርሷም ሠንጠረዡን ከአንድ ገጽ ደብዳቤ ጋር ልካ የተረፈውን ገንዘብ መለሰች። በሚቀጥለው ዙር ሌላ ውህድ ይዛ ስትቀርብ ገንዘቡን በአግባቡ ታውለው ይሆን ብሎ የጠየቀ ገምጋሚ አልነበረም፤ ያን ቀን ከሰዓት በኋላ በሙሉ የተከራከርነው በመርዛማነት ጥናቱ ለውሻ ሊሰጥ ስለታሰበው መጠን ብቻ ነበር።