ኳሷ ከጓንቷ ለምን ታመልጣለች?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ አንዲት እናት ጽፈውልኛል። የ13 ዓመት ልጃቸው ሶፍትቦል (ቤዝቦልን የሚመስል፣ ግን ኳሱ ተለቅ ያለ ጨዋታ) ትጫወታለች። ቦታዋ ሁለተኛ ቤዝ ነው፤ አንዳንዴም ሾርትስቶፕ ትቆማለች፤ ሁለቱም የውስጥ ሜዳ ቦታዎች ናቸው። የምትጠቀመው የወንድሟን 11 ተኩል ኢንች የቤዝቦል ጓንት ነው። ኳሷን ትይዛታለች፤ ግን ወዲያው ታመልጣታለች። እናትየው ሁለት ጓንት አይተዋል። አንዱ 70 ዶላር ነው፤ «መዳፉ ቆዳ» ይላል። ሌላው 330 ዶላር ሲሆን «በባለሙያ እጅ የተሠራ» የሚል ተጽፎበታል። ውዱ ዋጋውን ያወጣል ወይ? ቆዳውንስ በምን ልለየው? ይላሉ። ሌላም አላቸው፦ «አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ የቆዳ ቦርሳ ይሠራል። የአገራችን ቆዳ ለጓንት የታወቀ ነው ሲባል እሰማለሁ። ታዲያ ለምን እሱ አይሰፋላትም?»

እህቴ፣ በመጀመሪያ ልጅቷን አይቆጧት። የቤዝቦል ኳስ ዙሪያው 23 ሴንቲሜትር ያህል ነው። እሷ የምትጫወትባት ኳስ ግን ዙሪያዋ 12 ኢንች፣ ማለትም 30 ሴንቲሜትር ተኩል ነው። የወንድሟ ጓንት ኪሱ የተቀረጸው ለትንሿ ኳስ ነው። ትልቋ ስትመጣ ጥልቅ ብላ አትገባም፤ ጓንቱ ሊዘጋ ሲል ጣቶቹ መልሰው ይገፏታል። 330 ዶላር አውጥተው ሌላ የቤዝቦል ጓንት ቢገዙላትም ያው ነው።

ስለዚህ «ፋስትፒች» (ኳስ በፍጥነት ለሚወረወርበት ሶፍትቦል) ተብሎ የተሠራውን ይፈልጉ። ኪሱ ጥልቅ ነው። የእጅ መግቢያውና የጣት ማስገቢያዎቹም ለሴት ልጅ እጅ ጠበብ ተደርገው ነው የሚሠሩት። ለእሷ ቦታ 12 ኢንች ይበቃል። 12 ተኩልና 13 ውጭ ሜዳ ለሚቆሙት ነው። ልኩ የሚወሰደው ከጠቋሚ ጣቱ ጫፍ ተነስቶ በኪሱ ውስጥ እስከ ጓንቱ ተረከዝ ነው። «ታድግበታለች» ብሎ ሰፊ ጫማ የመግዛት ልማዳችን እዚህ አይሠራም፤ የሰፋ ጓንት እጅ ላይ ይዞራል። ደግሞ «ለቀኝ ወርዋሪ» የሚለውን በደንብ ያንብቡ። ልጅቷ በቀኟ የምትወረውር ከሆነ ጓንቱ የሚገባው በግራ እጇ ነው። ይህን አገላብጦ የሚያዝ ወላጅ ብዙ ነው።

አሁን ወደ 330 ዶላሩ እንምጣ። «በእጅ የተሠራ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ብዙ አይነግርዎትም። የ40 ዶላሩም ጓንት እኮ የእጅ ሥራ አለበት። ቆዳው በፕሬስ ይቆረጣል። ሰው በማሽን ከውስጥ በኩል ይሰፋዋል፣ ገልብጦ ወደ ፊቱ ይመልሰዋል፣ በጋለ የብረት ፎርማ ላይ አጥልቆ ጣቶቹን ያቃናል። ከዚያ ፌልቱ፣ ማለትም ቅርጽ የሚሰጠው የተጠቀጠቀ ሱፍ፣ ይገባል፤ በመጨረሻም ጠፍሩ ቀዳዳ በቀዳዳ በእጅ ይታሰራል። ልዩነት የሚያመጣው ለሠሪው የሚሰጠው ቆዳና የሚፈቀድለት ጊዜ ነው።

የአሜሪካ ሥራ ነው የምፈልገው ካሉ፣ ኖኮና የሚባለው ድርጅት ቴክሳስ ውስጥ በዚሁ ስም በምትጠራ ትንሽ ከተማ እንደ ፈረንጆቹ ከ1934 ጀምሮ ጓንት ይሠራል። ሮውሊንግስም ዊልሰንም ሚዙኖም አብዛኛውን የሚያሠሩት እስያ ነው፤ ፊሊፒንስ፣ ቬትናም፣ ቻይና፣ ጃፓን። ይህ አያሳስብዎ። ከጃፓን የሚወጣው ሥራ ጓንት የምጠግነውን እኔን ራሴን ያስቀናኛል።

ጥሩ ጓንት በአብዛኛው ከሁለት ዓይነት ቆዳ ይሠራል። አንደኛው የሰንጋ ቆዳ ነው። ወፍራም ነው፣ ከበድ ይላል፣ ቅርጹን ለዓመታት ይይዛል። ሁለተኛው «ኪፕ» ይባላል። ጥጃነቱን አልፎ ገና ሳይጠነክር የታረደ ከብት ቆዳ ነው፤ ወይፈን ወይም ጊደር በሉት። ቀለል ያለና ጥቅጥቅ ያለ ነው። ለልጅዎ እጅ ኪፕ ይስማማል፤ ኪስዎን ግን ይጎዳል።

ሱቅ ውስጥ መዳፉን በአውራ ጣትዎ ተጭነው ያጥፉት። የላይኛው ፊቱ ያልተነካ ቆዳ ደቃቅ፣ የተዘበራረቀ መጨማደድ ያሳይና ሲለቁት ይመለሳል። ከሥር ተሰንጥቆ ወጥቶ ላዩ ቀለም የተቀባው ግን አንድ ስለታም መስመር ሠርቶ ይታጠፋል፤ ያብረቀርቃልም። ቀጥለው የእጅ አንጓ ማሰሪያውን ጫፍ ይዩ። የተቆረጠው ጠርዝ እስከ ውስጥ ጭረት ጭረት ካለው ቆዳ ነው። ስስ ልባስ ከሥሩ ጨርቅ ይዞ ከታየ ፕላስቲክ ነው። የድሮ የመዥገር ጠባሳ ወይም ትንሽ ጭረት ቢያገኙ ደስ ይበልዎ። ፊቱ በቀለም አልተደፈነም ማለት ነው።

«መዳፉ ቆዳ» የሚለው የ70 ዶላሩ ጓንት ጀርባው ሰው ሠራሽ ነው። ኳስ በጀርባ አይያዝም፤ ስለዚህ ለጨዋታው እምብዛም አይጎዳም። ችግሩ የጠፍር ቀዳዳዎቹ ናቸው። ጠፍሩ ሲወጠር ፕላስቲኩ ይቀደዳል፤ የተቀደደ ቀዳዳ ደግሞ አይጠገንም።

ዋናው ነገር ጠፍሩ ነው። እኔ ጓንት ሲመጣልኝ ከሁሉ በፊት የማየው እሱን ነው። ጣቶቹን እርስ በርስ የሚያያይዘው፣ መረቡን ከአውራ ጣቱና ከጠቋሚው ጋር የሚይዘው፣ ተረከዙን የሚያስረው ጠፍር ነው። እሱ ከላላ ጓንቱ ቅርጽ የለውም። ትርፍ ሆኖ የተንጠለጠለውን ጫፍ ይያዙና በጣትዎ ያጠማዝዙት። ጥሩ ጠፍር ቅባት ያለው፣ ከብዶ የሚታጠፍ ነው፤ ሳብ ሲያደርጉት ጥቂት ይለጠጥና ይቆማል። መጥፎው ሲጠማዘዝ ቀለሙ ይላጣል፣ ውስጡ ነጣ ብሎ ይታያል፣ እንደ ቋንጣ ይሰነጠቃል። መረቡንም በሁለት እጅ ይዘው ወዲያና ወዲህ ይሳቡት። አዲስ ሆኖ ሳለ የሚወዛወዝ ከሆነ ይተዉት። በየጣቶቹ መሐል ስፌቱ ውስጥ የገባ ቀጭን የቆዳ ክር መሰል ነገር መኖሩንም ይመልከቱ። ስፌቱ እንዳይጋለጥና ጣቱ ቅርጹን እንዳያጣ የሚጠብቀው እሱ ነው።

ከዚያ እጅዋን ታስገባ። ገበሩ መዳፍ ሥር ከተጨማደደ በአንድ ልምምድ እጅዋ ውሃ ይቋጥራል። ይህን ከቤት ሆኖ በስልክ ፎቶ ማየት አይቻልም፤ ለዚህ ነው ሱቅ ውሰዷት የምለው።

እንግዲህ የትኛውን? ሁለቱንም አልመርጥም። የ70ው ቶሎ ይሞታል። የ330ው ደግሞ ሲገዛ እንደ ደንቡ በጣም ጠንካራ ነው። ትልልቆቹ ልጆች ይወዱታል፤ በየቀኑ ይለማመዱበታል፣ ያለፉታል፣ ማለትም ያለሰልሱታል። የ13 ዓመት ልጅ ግን መዝጋት ካቃታት ኳሷ እንደገና ማምለጧ ነው። እኔ ብሆን ከ120 እስከ 180 ዶላር ባለው ውስጥ ሙሉ ቆዳ የሆነ፣ 12 ኢንች፣ ፋስትፒች እፈልጋለሁ። ያለፈው ዓመት ሞዴል ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። ከዚህም የተሻለ መንገድ አለ፦ ያገለገለ ውድ ጓንት። ቆዳው ደህና ከሆነ ጠፍሩ ቢያረጅ ምንም አይደለም፤ ይቀየራል። ሌላ ሰው አለፍቶልዎታል ማለት ነው። ብቻ ተረከዙ ላይ ተሰንጥቆ እንዳይሆን፣ ገበሩም እንዳይቀደድ ይዩ። በላብ የበሰበሰ ገበር ሲቀይሩለት ሒሳቡ ከጓንቱ ሊበልጥ ይችላል።

ስለ ማለፋት አጭር ልበል። ኦቨን ውስጥ አይክተቱት፤ ማይክሮዌቭም ጭራሽ አይሞክሩ። ሙቀቱ የቆዳውን ቅባት ያደርቀዋል፣ ጠፍሩንም ያኮማትረዋል። የምግብ ዘይት አይቀቡት። ለጓንት የሚሸጠውን ቅባት በጨርቅ ትንሽ ወስደው ኪሱንና ማጠፊያውን ብቻ ያሹት። ብዙ ዘይት የጠጣ ጓንት ይከብዳል፣ ይልፈሰፈሳል። ቤት ውስጥ ንጹሕ የእንጨት ዘነዘና ካለ ኳሷ የምታርፍበትን ቦታ በክቡ ጫፍ ቀስ እያሉ ይውቀጡት፤ ባለሙያዎቹም የእንጨት መዶሻ ነው የሚጠቀሙት። ሌሊት ኳስ አስገብተው ያስቀምጡት። ቀሪውን ከአባቷ ወይም ከወንድሟ ጋር በመወራወር ታደርሰዋለች።

ወደ አዲስ አበባው ወንድምዎ ልመለስ። የሰሙት እውነት ነው። የደጋ በጎቻችን ቆዳ፣ በተለይ የሰላሌው፣ በዓለም የጓንት ገበያ ስም አለው። ስስ ሆኖ ጠንካራ ነው። ግን ያ ለብርድና ለማማር የሚለበሰው ጓንት ነው፤ ለጎልፍና ለባት (ለኳስ መምቻው ዱላ) መያዣም እንዲህ ያለው የበግ ቆዳ ይመረጣል። ውፍረቱ ከ1 ሚሊሜትር በታች ነው። የኳስ መያዣ ጓንት 2 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ የከብት ቆዳ ይፈልጋል። ወንድምዎ የከብት ቆዳ ማግኘት አያቅተው ይሆናል። ግን ዲዛይኑ፣ የብረት ፎርማው፣ ፌልቱና ጠፍሩ የሉትም። ቦርሳ የሚሠራ እጅ ጎበዝ ቢሆንም፣ ፎርማ በሌለበት መዳፉ ጠፍጣፋ ይሆንበታል።

ሌላ ነገር ያሠሩት። ብዙ ተጫዋቾች ከትልቁ ጓንት ሥር ስስ ጓንት ይለብሳሉ፤ የኳሷን ምት ያበርዳል፣ ላቡንም ገበሩ ላይ እንዳይቀር ይይዛል። ለዚህ የእኛ በግ ቆዳ ፍጹም ነው። ልጅቷ ጓንት የምታጠልቅበትን እጅ ወረቀት ላይ ዘርግተው በእርሳስ ይዙሩበት። አውራ ጣቷን ሳይጨምሩ የመዳፏን ዙሪያ በጨርቅ ሜትር ይለኩ፤ የመሐል ጣቷንም ርዝመት ይጨምሩ። ወረቀቱን ፎቶ አንስተው በቴሌግራም ይላኩለት፤ ፎቶ ልክን ስለሚያዛባ ቁጥሮቹን አብረው ይጻፉለት። ስፌቱን ወደ ውጭ ያውጣው፣ በጣቶቿ ጫፍ በኩልም ትርፍ አይተው።