የአንባቢያን ጥያቄ፦ እናቴን ይዤ ማዴይራ ብሄድስ?

ባለፈው እትም የእረፍት ጊዜዬን ማዴይራ ደሴት ላይ በእግሬ ስዞር እንዳሳለፍኩ በአንዲት መስመር ብቻ ጠቅሼ አልፌ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። ሁሉንም መመለስ ስለማልችል አራቱን መረጥኩ። ለማያውቃት፣ ማዴይራ አትላንቲክ ውቅያኖስ ላይ ያለች የፖርቱጋል ደሴት ናት። ርዝመቷ 57 ኪሎ ሜትር ብቻ ሲሆን ሜዳ የሚባል ነገር ግን የላትም ማለት ይቻላል።

ከፍራንክፈርት፦ በነሐሴ የአንድ ሳምንት እረፍት አለኝ። እናቴ ከአዲስ አበባ በቪዚት ቪዛ መጥታ እኔ ጋ ናት። ጉልበቷን ያማታል፣ ቁጭ ማለት ደግሞ አይሆንላትም። ተራራ ብቻ ነው ሲሉኝ ፈራሁ። ይዣት ልሂድ?

ይዘሻቸው ሂጂ። ቪዛው የሸንገን ከሆነና ቀኑ ካላለፈ ማዴይራም ፖርቱጋል ስለሆነች ሌላ ወረቀት አያስፈልግም። ፓስፖርታቸውን ብቻ እቤት እንዳትረሺው።

ለጉልበታቸው መፍትሔው ሌቫዳ ነው። ሌቫዳ ማለት የመስኖ ቦይ ነው። የደሴቷ ሰሜን ዝናባም ነው፣ ደቡቡ ደረቅ። ስለዚህ ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ገደሉን እየጠረቡ ውኃውን ከሰሜን ወደ ደቡብ ወሰዱት። ዛሬ የቦዮቹ ርዝመት ቢደመር ከ2,000 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ውኃ ደግሞ ዳገት አይወጣም፤ ቀስ እያለ ተዳፋቱን ይዞ ነው የሚሄደው። እሱን ተከትሎ የሚሄድ ሰውም እንደዚያው ነው፣ ተራራ መሐል ሆኖ ሜዳ ይሄዳል። መንገዱ የተሠራው ለቱሪስት ሳይሆን ቦዩን ለሚጠርገውና ለገበሬው በተራ ውኃ ለሚለቀው ሰው ነበር። እኛ አገር የመስኖ ገበሬ «የውኃ አባት» የሚለው ዓይነት ሰው ማለት ነው። ለእናትሽ ይህን ንገሪያቸው፣ ደስ ይላቸዋል።

መጀመሪያ ሪቤይሩ ፍሪዩ ከሚባለው መንደር ተነስታችሁ ወደ ባልኮይንሽ ሂዱ። አንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ነው፣ ዳገት የለውም ማለት ይቻላል፣ መጨረሻው ሸለቆውን ከነተራሮቹ ቁልቁል የሚያሳይ ሰገነት ነው። ትንንሽ ወፎች እጃችሁ ላይ ያለውን ዳቦ አይተው ይጠጋሉ። ባትሰጧቸው ይሻላል።

በሌላ ቀን ደግሞ ኤይራ ዱ ሴራዱ የሚባለው ማሳያ ቦታ ላይ በመኪና ውጡና ኩራል ዳሽ ፍሬይራሽ የሚባለውን የሸለቆ መንደር ቁልቁል እዩት። ስሙን «የመነኮሳይያቱ በረት» ልትይው ትችያለሽ። በ1566 (እ.ኤ.አ.) የባሕር ወንበዴዎች ዋና ከተማዋን ፉንሻልን ሲዘርፉ የገዳም እናቶች ሸሽተው የተደበቁት እዚያ ነው። ዙሪያውን ገደል ነው፣ ማን ያገኛቸዋል! አንቺ በእግርሽ ወደ መንደሩ መውረድ ትችያለሽ። እሳቸውን ግን በመኪና አውርጃቸው፤ ለታመመ ጉልበት ከዳገት ቁልቁለት ይብሳል።

ከስቶክሆልም፦ ቪዲዮ ላይ የሚታየውን፣ ከደመና በላይ ጠርዝ ለጠርዝ የሚሄደውን መንገድ መሄድ እፈልጋለሁ። ግን ከፍ ያለ ቦታ ላይ እግሬ ይንቀጠቀጣል። እችለዋለሁ?

የምትለው ከፒኩ ዱ አሪዬይሩ (1,818 ሜትር) ወደ ፒኩ ሩይቩ (1,862 ሜትር) የሚወስደው ነው። በቁጥሩ አትደንግጥ። የደሴቷ ጫፍ ከባሕር ዳር ከተማ ብዙም አይበልጥም፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ ወደ 500 ሜትር ያንሳል። የሚያንቀጠቅጥህ ከፍታው ሳይሆን ገደሉ ነው፣ የሚገድልህ ደግሞ ደረጃው። መሄጃው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ መውጣት መውረድ፣ እንደገና መውጣት፣ መሐል ላይ ዋሻ። በዚያው ልመለስ ካልክ እጥፍ ነው።

በነሐሴ 2024 (እ.ኤ.አ.) የተነሳው ሰደድ እሳት እዚያ አካባቢ ደርሶ መንገዱን ጎድቶታል፣ ከዚያ በኋላም የተዘጋበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ከመነሳትህ በፊት በነበረው ምሽት የደሴቷን መንግሥት የመንገድ ዝርዝር ሳታይ እንዳትሄድ። ለብዙዎቹ መንገዶች ክፍያ አለ፣ ቀድመህ በኢንተርኔት ነው የምትይዘው።

እኔን ከጠየቅከኝ ግን በጓሮ በር ግባ። አሻዳ ዱ ቴይሼይራ ድረስ በመኪና ሄደህ ከዚያ ወደ ሩይቩ ጫፍ የሚወስደው መንገድ 2.8 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ሰፊ ነው፣ በድንጋይ የተነጠፈ። የምትደርሰው እዚያው ከፍተኛው ጫፍ ላይ ነው፣ ያንኑ ደመና ታያለህ፣ እግርህም አይንቀጠቀጥም። ቪዲዮው ላይ ያለው ጠርዝ ይቀርብሃል። ይቅርብህ።

ሌቫዳም ቢሆን ሁሉም እኩል አይደለም፣ ይህን ከፍራንክፈርት የጻፍሽልኝም ስሚ። ካልዴይራዎ ቬርዴ የሚባለው በጣም ያምራል፣ መጨረሻው 100 ሜትር ገደማ የሚወረወር ፏፏቴ ነው። ነገር ግን ደርሶ መልሱ 13 ኪሎ ሜትር ነው፣ ቦታ ቦታ ላይ መንገዱ አንድ ሰው ብቻ ያሳልፋል፣ ከጎን ያለው ገደል በሽቦ ነው የታጠረው። ዋሻዎችም አሉት። እኔ «ስልኬ መብራት አለው» ብዬ ገባሁና ግንባሬን ከጣሪያው ድንጋይ ጋር አላግቼ ለሦስት ቀን ቀንድ የመሰለ እብጠት ይዤ ዞርኩ። ጭንቅላት ላይ የሚታሰር መብራት ግዛ።

ከለንደን፦ መኪና መከራየት ግዴታ ነው? የማውቀው የለንደንን ሜዳ ብቻ ነው። ፓስፖርቴም የኢትዮጵያ ነው።

ከፓስፖርቱ እንጀምር። የእንግሊዝ የመኖሪያ ፈቃድህ እዚያ አያስገባህም፣ የሸንገን ቪዛ ያስፈልግሃል። ቀጠሮው ይዘገያል፣ ዛሬውኑ ጀምር።

መኪናው ግዴታ አይደለም። አውቶቡስ አለ። ችግሩ ጠዋት ወስዶህ ማታ የሚመልስህን ሰዓት ማግኘት ነው፤ አንድ ቦታ ጀምረህ ሌላ ቦታ የምትጨርሰው መንገድ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ለሁለት ቀን ብቻ ተከራይና የቀረውን በአውቶቡስ ጨርስ። ርካሽ ናት ብለህ በጣም ትንሿን መኪና አትውሰድ። እኔ ወስጄ አራት ሰው ጭኜ ዳገት መሐል ቆማ ቀርታለች፣ ሦስቱ ወርደው ነው የወጣችው። በዚያ ላይ መሪው በግራ ነው፣ አነዳዱ በቀኝ። ከቻልክ አውቶማቲክ ያዝ።

መኪናዋን ለምዕራቡ ተጠቀምባት። መጀመሪያ ካቦ ዢራዎ ነው። ከባሕር 580 ሜትር ከፍ ያለ ገደል፣ ወለሉ መስታወት። አሥር ደቂቃ ይበቃዋል። ከዚያ ፋናል። እዚህ ቁጭ በል። የደሴቷ ስም በፖርቱጋልኛ «እንጨት» ማለት ነው፣ ሰዎቹ መጀመሪያ ሲደርሱ ያገኙት ያልተነካ ደን ስለነበረ። ብዙው ተመንጥሯል፣ የተረፈውን ዩኔስኮ በ1999 (እ.ኤ.አ.) በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ፋናል ላይ የቆሙት ዛፎች የዚያ ዘር ናቸው፣ ግንዳቸው የተጣመመ፣ ሽበት አውጥተው የጎበጡ ሽማግሌዎች ይመስላሉ። ጉም ሲወርድና ከብቶቹ በመሐላቸው ሲግጡ እንጦጦ የደረስክ ይመስልሃል። ሌላው ሰው ፀሐይ ፍለጋ ይሄዳል፣ ፋናል ግን ጉም ከሌለው ግማሹ ቀረ። ከዚያ ወደ ፖርቶ ሞኒሽ ወርደህ እሳተ ገሞራው በሠራቸው ገንዳዎች ውስጥ በባሕር ውኃ ትዋኛለህ።

አንድ ነገር፦ አውሮፕላን ማረፊያው በከፊል በኮንክሪት ምሰሶዎች ላይ የቆመ ነው፣ ነፋሱ ሲበረታ አውሮፕላን ሳያርፍ ወደ ሌላ ደሴት ይዞራል። ሰኞ ሥራ ካለህ እሑድ ማታ አትመለስ።

ከሮም፦ የምንሄደው በፍልሰታ ነው። ምን እንበላለን?

ይቺን ጥያቄ ወደድኳት። ቦሉ ዱ ካኩ የሚባል ድንጋይ ላይ የሚጋገር ዳቦ አላቸው፣ ሊጡ ውስጥ ስኳር ድንች ይገባል። የሚያቀርቡት በነጭ ሽንኩርት ቅቤ ለቅልቀው ነው፣ ስለዚህ ቀድማችሁ «ሴም ማንተይጋ» በሉ፣ ያለ ቅቤ ማለት ነው። ሙዙ እዚያው ደሴቷ ላይ የሚበቅል ነው፣ ትንሽ ነው፣ ጣፋጭነቱ ግን ሌላ ነው። ኤሽፓዳ የሚባለውን ጥቁር የጥልቅ ባሕር ዓሣ ከተጠበሰ ሙዝ ጋር ያቀርባሉ። ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባታችሁ ትቻለሁ።

እነሱም የእመቤታችንን ዕርገት ያከብራሉ፣ የነሱ ግን ኦገስት 15 ነው፣ በኛ ነሐሴ 9። ከፉንሻል በላይ ሞንቴ የሚባል ቦታ ያለችው ቤተ ክርስቲያን በዋዜማውና በዕለቱ በሕዝብ ትሞላለች፣ ስለት ያለባቸው ሰዎች ደረጃውን በጉልበታቸው ይወጡታል። በኬብል መኪና ትወጣላችሁ። ያን ቀን ሌላ የእግር ጉዞ አትያዙ፣ መንገዱ ይጨናነቃል። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ላይ ሥጋው በእንጨት ተሰክቶ ሲጠበስ ሽታው አካባቢውን ሁሉ ያውደዋል፣ እናንተ ደግሞ ገና ሰባት ቀን ይቀራችኋል።