ጥያቄ አለኝ፦ «ወንድሜ ሲያስሮጠኝ ይጎትተኛል»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ዓይነ ስውር ነኝ። ዕድሜዬ 24፣ ሰፈሬ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። የፓሪሱን ፓራሊምፒክ በሬዲዮ ከሰማሁ ወዲህ መሮጥ አማረኝ። ታናሽ ወንድሜ እሺ ብሎ ጠዋት ጠዋት ይዞኝ ይወጣል። ግን ክንዴን ጨብጦ ይጎትተኛል፣ ወይ ደግሞ ድንገት ቀጥ ይላል። እናቴ «ወድቀህ ትሰበራለህ» እያለች ነው። ባለፈው ደግሞ ትንፋሼን ልሰብስብ ብዬ ቆም ስል አንድ ሰው መጥቶ እጄ ላይ ሳንቲም አስቀመጠልኝ! ልተወው ወይስ መላ አለው?

መልስ፦ መላማ ሞልቷል። ሳንቲሙን እርሳው። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ነጭ በትር ሲያይ ምጽዋት ብቻ ትዝ የሚለው ሰው ብዙ ነው፣ ቱታ ለብሰህ ላብ በላብ ብትሆንም። «ስፖርት ላይ ነኝ፣ አመሰግናለሁ» ብለህ መልስለት።

ወንድምህንም እንዳትቆጣው። በጠዋት ተነስቶ አብሮ የሚወጣ ወንድም ስንቱ አለው? ችግሩ አያያዛችሁ ላይ ነው። ክንድ መያዝ መንገድ ለመሻገር እንጂ ለሩጫ አይሆንም። ክንድህ ከተያዘ እጅህ እንደልቡ አይወዛወዝም፣ እጅህ ካልተወዛወዘ ወገብህ ይጣመማል፣ እርምጃህ ይዛባል፣ ከዚያ እሱ ይቀድምሃል አንተ ትቀራለህ፣ መጎተት የሚባለው ነገር ከዚህ ነው የሚመጣው።

ስለዚህ ገመድ ያዙ። የማይለጠጥ ይሁን እንጂ የጫማ ማሰሪያም ይበቃል። ቋጥራችሁ ክብ አድርጉትና አንዱን ጫፍ አንተ፣ ሌላውን እሱ በጣት ያዙት። በእጃችሁ መሃል ከስንዝር ብዙ ያልበለጠ ርቀት ይኑር። እጃችሁ ላይ ግን አትጠምጥሙት፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላውን ይዞት ይወርዳል። እሱ በቀኝህ ከሆነ የአንተ ቀኝ እጅና የእሱ ግራ እጅ አብረው ይወዛወዛሉ። ያኔ የውጪ እግሮቻችሁም አብረው ይወጣሉ፣ አንተ ግራህን ስታነሳ እሱ ቀኙን ማለት ነው። መጀመሪያ ቆማችሁ እጃችሁን ብቻ እያወዛወዛችሁ፣ ቀጥሎ እየተራመዳችሁ ተለማመዱት። እርምጃችሁ ሳይገጥም ወደ ሩጫ አትግቡ።

ፍጥነቱን የምትወስነው አንተ ነህ። ይህንን ለወንድምህ ደጋግመህ ንገረው። በውድድርም ሕጉ ይኸው ነው፤ ጋይዱ፣ ማለትም እየመራ አብሮ የሚሮጠው ሰው፣ መጎተትም መግፋትም አይፈቀድለትም፣ የመጨረሻውን መስመርም ከሯጩ ቀድሞ ማለፍ የለበትም። የእኛዋ ያየሽ ጌቴ ፓሪስ ላይ በቲ11 (ጨርሶ ወይም ከሞላ ጎደል የማያዩ ሯጮች ምድብ) የሴቶች 1500 ሜትር ወርቅ ስታመጣ፣ በ4 ደቂቃ ከ27.68 ሰከንድ የዓለም ክብረ ወሰን ስትሰብር፣ ከጎኗ ጋይድ ነበራት፤ ሩጫው ግን የራሷ ነው። (በዚያው ርቀት በቲ13 ያሸነፈችው ትዕግስት ገዛኸኝ ብቻዋን ነው የሮጠችው። ቲ13 ከፊል እይታ ያላቸው ሯጮች ምድብ ስለሆነ ጋይድ የለም።)

ገመዱ በውድድር ላይ ቀልድ አያውቅም። እዚያው ፓሪስ ስፔናዊቷ ኤሌና ኮንጎስት ማራቶኑን ሦስተኛ ሆና ልትጨርስ ጥቂት ሜትሮች ሲቀሯት ጋይዷን ስትራፖ ያዘው። ሊወድቅ ሲል ደገፈችው፣ በዚያች ቅጽበት ገመዱን ለቀቀች፣ ውጤቷም ተሰረዘ። እኔን እስካሁን ያበሳጨኛል። እናንተ ግን ሜዳሊያ የሚነጥቃችሁ የለም፣ አደጋ ከመጣ ልቀቁት።

አሁን ወደ ድንገተኛው ማቆም። ወንድምህ ዝም ብሎ ስለሚሮጥ ነው። ጋይድ ማውራት አለበት፤ «ዳገት ጀመረ»፣ «ወደ ቀኝ ጠጋ በል»፣ «ከአምስት እርምጃ በኋላ እንቆማለን»። «ተጠንቀቅ!» የሚለው ቃል ግን ምንም አይጠቅምህም፣ ከምን እንደምትጠነቀቅ አይነግርህም። አዲስ አበባ ደግሞ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ እየሮጠ የሚያወራ ሰው ከአንተ የተሻለ ትንፋሽ ያስፈልገዋል። ወንድምህ ማውራት ካቃተው ቀስ በሉ፣ ወይም ሌላ ፈጠን ያለ ሰው ጨምሩ። አንድ ጋይድ ብቻ ካለህ እሱ ፈተና ሲደርስበት አንተም ቤት ትቀመጣለህ፣ ስለዚህ ሁለተኛውን ከአሁኑ ፈልግ። አንድ ጠዋት ደግሞ ወንድምህ ዓይኑን በሻሽ ይሰርና ሌላ ሰው በገመድ ያራምደው። ከኔ ምክር ይልቅ ያ ነው የሚያስተምረው።

ቦታውንም ቀይሩ። የሰፈራችሁ መንገድ ዳገትና ቁልቁለት ነው፣ ቱቦው ክፍት፣ የእግረኛ መንገዱ ላይ መኪና የቆመበት። ጃን ሜዳ ቅርባችሁ ነው፣ ሜዳ ነው፣ መሬቱም ለጉልበት ለስላሳ ነው። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ለጊዜው ለእግር ጉዞ ብቻ ይሁን። ታላቁ ሩጫን ካሰብክም 10 ኪሎ ሜትሩ አይደለም የሚከብደው፣ የሰዉ ግፊያ ነው። ከኋላ ተነሱ።

እናትህን በወሬ አታሳምናትም። ጃን ሜዳ ይዘሃት ሂድና ቁጭ ብላ ትይ።

ጥያቄ፦ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነው የምጽፍላችሁ። በልጅነቴ ፖሊዮ ይዞኝ አሁን ዊልቸር እጠቀማለሁ። ግሪን ካርድ አለኝ። ልጆቼ ሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ እንሂድ ይላሉ፤ እኔ መኪና ውስጥ ተቀምጬ ልጠብቃቸው ነው?

መልስ፦ ኧረ ለምን ተብሎ! እህቴ፣ በመጀመሪያ አክሰስ ፓስ አውጪ። ቋሚ የአካል ጉዳት ላለበት ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ላለው ሰው የሚሰጥ፣ የዕድሜ ልክ የብሔራዊ ፓርኮች መግቢያ ነው። ፓርኩ መግቢያ ላይ በአካል ከወሰድሽው በነጻ ነው። መታወቂያሽንና ከሐኪምሽ የተጻፈ ማስረጃ ያዢ። በመኪና የሚከፈልበት ፓርክ ሲሆን አብረውሽ ያሉት ልጆችም በአንቺ ፓስ ይገባሉ፣ ስለዚህ እነሱ ናቸው ያንቺ እንግዶች።

ሸናንዶዋ ውስጥ ስካይላይን ድራይቭ በሚባለው የፓርኩ የመኪና መንገድ 43ኛው ማይል አካባቢ ሊምበርሎስት የሚባል የእግር መንገድ አለ። ለዊልቸር ታስቦ የተሠራ፣ ዞሮ የሚመልስ፣ 2 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወለሉ የተፈጨ ድንጋይ ስለሆነ ዝናብ በጣለ ማግስት ጎማ ይከብደዋል፣ ደረቅ ቀን ምረጪ። ጥቅምት ላይ ቅጠሉ ሲቀላ አገር ምድሩ እዚያ ስለሚጎርፍ በሥራ ቀን ብትሄዱ ይሻላል።

ከዚያ በፊት ክንድሽን ማለማመድ ከፈለግሽ ከቤትሽ ብዙም ሳትርቂ ከሸርሊንግተን የሚነሳው ደብሊው ኤንድ ኦዲ መንገድ አለልሽ። እስከ ፐርሰልቪል 72 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ነው። ድሮ የባቡር ሐዲድ የነበረበት ስለሆነ ዳገቱ ብዙ አይደለም። ብስክሌተኞቹ ግን ይፈጥናሉ፤ ቀኝሽን ያዢ፣ የእጅ ጓንትም አትርሺ።